የቅዳሜ ኑዛዜ

ኑዛዜዬን ላስጨርስ ከቤት የወጣሁት ቅዳሜ ቀን ነው። የዲመካን ቅዳሜ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። የማያውቅ ግን ከአቦል እስከ ቶና ይታገሠኝ፤ ነገሩን ከሥሩ እነግረዋለሁ። በመሀል ወደ ሌላ ወሬ ከሄድኩም ይመልሰኝ፤ ወሬ ስጀምር መንገድ እስታለሁ።

ቅዳሜ የዲመካ ትልቁ ገበያ ነው። ገና በማለዳ ሐመሮች ከየመንደሩ መግባት ይጀምራሉ። ሴቶቹ ጸጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር አሽተው፣ ማር በቅል፣ ማሽላ በስልቻ፣ የቡና ገለባ በጆንያ ተሸክመው፤ ወንዶቹ ቦርኮቷቸውን፣ ያችን ቀን የሚቀመጡባትን ሌሊት የሚንተራሱባትን ትንሽ እንጨት፣ በእጃቸው አንጠልጥለው ፍየል እየነዱ። ቆይቶ የጎብኚ መኪኖች አቧራቸውን ይዘው ይደርሳሉ። በዚህ ቀን ቢሮ ሁሉ ዝግ ነው። እኔ ቅዳሜን የመረጥኩት ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ላይ የሚገኝበት ቀን ስለሆነ ነው። ኑዛዜ አራት ምስክር እንደሚፈልግ ሰምቼ ነበር፤ የምፈልጋቸው አራት ሰዎች ደግሞ ቅዳሜ ከገበያ አይቀሩም። እስከዚህ ድረስ አስቤያለሁ። ከዚህ ያለፈ አላሰብኩም።

ሐሳቡ የመጣልኝ ድንኳን ውስጥ ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ ጎረቤታችን ማታ እራቱን በልቶ ተኛ፣ ጠዋት አልነቃም። ኢድራችን ድንኳን ተከለ፣ ሴቶቹ እንጀራና ወጥ ይዘው መጡ፣ ሠልስቱ ወጣ፣ ሰውም ተበተነ። ጭንቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሟች ከመጀመሪያ ትዳሩ የወለዳቸው ልጆች ከአርባ ምንጭ መጡ። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ማንም ከማንም አልተጣላም። ግን ምን እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ። ሞተር ሳይክሉ በማን ስም ነው? የባንክ ደብተሩ የት ነው? የተበደረው አለ? ያበደረውስ? ሚስቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ስትሰማ ቆየችና በመጨረሻ፣ "እሱ ምን እንዳለው እኔ በምን አውቄ" አለች። አሥራ ስድስት ዓመት አብራው ኖራለች። ያች ቃሏ እስከ ቤቴ ተከተለችኝ። የኔም ባለቤት ብትጠየቅ የምትመልሰው ይህንኑ ነበርና።

ዕድሜዬ 58 ነው። መምህር ነኝ፤ ከቢቸና ተነሥቼ ዲመካ የገባሁት በ1986 ዓ.ም. ነው፣ ለሁለት ዓመት ብዬ። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። በየወሩ ከደመወዜ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ መንግሥትም በበኩሉ 11 በመቶ ሲያዋጣ፣ "የሽምግልናዬ ነገር በዚህ አልቋል" ብዬ ሌላውን ሁሉ ትቼው ኖርኩ። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል" የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬያለሁ። ለራሴ የተከልኩት አንድ ባላ ብቻ ነበር።

ደግሞ ቃሉ ራሱ ያስፈራኛል። እኛ አገር "እገሌ ተናዘዘ" ከተባለ የነፍስ አባቱ ተጠርቷል፣ ሕመምተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል ማለት ነው። ኃጢአቱን ለካህን የሚናገርም ተናዛዥ ነው፤ ንብረቱን የሚያወርስም ተናዛዥ ነው፤ ቃሉ አንድ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና እንዲህ ነው የተናዘዘው፤ አልጋ ላይ ሆኖ፣ በደከመ ድምፅ። ሦስት ወንድማማቾች አልጋውን ከበን ሰማነው። ሦስታችንም የሰማነው ግን የተለያየ ነው። በአንዲት የባሕር ዛፍ ቦታ ምክንያት ዘጠኝ ዓመት ሳንነጋገር ቆየን። ታናሽ ወንድሜ ሲያገባ አልሄድኩም። ዛሬም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል፤ የባሕር ዛፍ ግንድ ይቆጠራል፣ ዘጠኝ ዓመት ግን አይመለስም።

ስለዚህ ጻፍኩ። ሌሊት ባለቤቴ ከተኛች በኋላ፣ በፋኖስ፣ በተማሪ ደብተር ላይ። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ባይጠፋም በፋኖስ የምጽፍ ይመስለኛል፤ እንዲህ ያለ ነገር በብርሃን አይጻፍልኝም። "ለምወዳችሁ ልጆቼ" ብዬ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ምክር ሆነ። አንድ ገጽ ከቢቸና እንዴት እንደ መጣሁ ሆነ። ንብረቱ የመጨረሻው ገጽ ላይ ተጨናንቆ ገባ። ቀን አልጻፍኩበትም። ልጽፍ ብዬ እጄን አንሥቼ ነበር፤ የዚያን ዕለቱን ቀን ብጽፍ የምሞትበትን ቀን የቆረጥኩ መሰለኝና ተውኩት። "ኑዛዜ" የሚለውንም ቃል የትም አላስገባሁም። በነጋታው ባለቤቴ ዘንቢልና ብር ሰጥታ "ቅቤና ማሽላ ገዝተህ ና" ስትለኝ ደብተሩን ከዘንቢሉ ሥር ሸሽጌ ወጣሁ። አልነገርኳትም። ብነግራት ትደነግጣለች ብዬ ነው። እንደዚያ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት በረንዳ ላይ ወደሚሰፋው ልብስ ሰፊ ነው። ስፌት መኪናው ላይ ተደፍቶ የተማሪ ሱሪ ያሳጥራል። "ፈርምልኝ" አልኩት። "ብድር ካልሆነ እፈርማለሁ" ብሎ ሳያነብ ፈረመ። ያን ጊዜ 4000 ብሩ አለብኝ፤ እሱም አላነሳብኝም፣ እኔም አላነሳሁበትም። ሁለተኛው የኢድራችን ጸሐፊ ነበር፤ እሱ መቼም ደብተር ሲያይ እጁ ይፈጥናል። ሦስተኛው ባለወፍጮው፤ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወጣና ፈረመልኝ፣ የጣቱም ነጭ አሻራ ከፊርማው አጠገብ ቀረ። ልቤ ሞላ። ቀላል ነገር ኖሯል ስንት ዓመት የፈራሁት አልኩ።

አራተኛው የሐመር ወዳጄ ነው። ሐመሮች ከብት በመሰጣጣት የተሳሰረ ወዳጅን "ቤል" ይሉታል፤ ቤል ከዘመድ አያንስም። እሱን ያገኘሁት ፍየል ተራ ነው፣ ቦርኮቶው ላይ ተቀምጦ። መጻፍ ስለማይችል የእስክርቢቶ ቀለም አውራ ጣቱ ላይ ቀባሁለት። ጣቱን ወደ ወረቀቱ አስጠግቶ አቆመውና፣ "ምን ይላል?" አለኝ።

"ስሞት ንብረቴ ለማን እንደሚሆን ነው" አልኩት።

ጣቱን መለሰ። "ሳታነብልኝ?" አለ። ጣቱን ከነቀለሙ አየር ላይ ይዞ ነው የጠየቀኝ። ሦስት ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ሳይጠይቁ ፈርመው፣ የጠየቀኝ ፊደል ያልቆጠረው ብቻ ነው። "ሰው 'ስሞት' ብሎ የሚናገረው ነገር፣ ሁሉም በተቀመጠበት ይባል" አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ዘንቢሌን አንሥቼ፣ እሱም ቦርኮቶውን አንሥቶ፣ ነገሩን ወደሚያውቅ ሰው ሄድን።

የሚያውቀው ሰው ሰባተኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። ሕግ ተምሮ ተመልሶ እዚሁ ይሠራል። ቅዳሜ ስለሆነ አንዲት በረንዳ ላይ ተቀምጦ የቡና ገለባ በቅል ይጠጣ ነበር። አይቶኝ ተነሣ፣ መቀመጫ ለቀቀልኝ፤ እኔ ግን አልተቀመጥኩም፤ ደብተሩን ሰጥቼው ቆምኩ። አነበበ። ሁለቱን የምክር ገጾች ሲያነብ ፊቱ ለስለስ ብሎ ነበር። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ገጾቹን አገላበጠ።

"ቲቸር፣ እስክርቢቶ ይዘዋል?" አለኝ።

ከሸሚዜ ኪስ ካሉት አንዱን አውጥቼ ሰጠሁት። የወጣው ቀዩ ነው። ሠላሳ ዓመት ከኪሴ ያልጠፋ እሱ ነው።

ገጹ አናት ላይ አከበበና "ቀን የለውም" አለ። ቀጠለና "ኑዛዜ መሆኑን የሚገልጽ ቃል የለበትም" አለ። "በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ አልፈረሙም።" ሦስቱን ፊርማዎች ደግሞ አንድ ላይ ከበባቸውና፣ "እነዚህ ሲፈርሙ አብረው ነበሩ?" ብሎ ጠየቀኝ። አልነበሩም አልኩ። ይህ ልጅ ሰባተኛ ክፍል እያለ ቀን ሳይጽፍ ድርሰት አምጥቶ መልሼበታለሁ። ያኔ እጁን አጣምሮ ፊቴ ቆሞ ነበር። አሁን ዘንቢል ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። አልተሳለቀብኝም፤ እንዲያውም ቀስ ብሎ፣ ወዳጄም እንዲሰማ በቀላል አማርኛ አስረዳኝ። ያስረዳኝንም እንዳለ እጽፍላችኋለሁ፤ እኔ በ58 ዓመቴ ቆሜ የሰማሁትን እናንተ ተቀምጣችሁ ብትሰሙት ይሻላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። አንደኛው ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ የሚጽፈው ነው። ይህ ምስክር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ መነገር አለበት፣ ቀን ይኖረዋል፣ በየወረቀቱም ይፈረምበታል። ተጽፎ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ደግሞ ዋጋ ያጣል። ሁለተኛው በግልጽ የሚደረገው ነው፤ እኔ እፈልገው የነበረው እሱ ነው። ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ግን ተናዛዡና አራቱ ምስክሮች ባሉበት ይነበባል፣ መነበቡም ቀኑም ይጻፍበታል፣ ሁሉም እዚያው ይፈርማሉ። ምስክሮቹ የተነበበውን የሚረዱ መሆን አለባቸው። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፣ ሞት የቀረበው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው። ይህኛው የሚችለው ጥቂት ነገር ነው፤ ስለ ቀብር ማዘዝ፣ ስለ ልጆች አሳዳሪ መናገር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ መስጠት። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ይፈርሳል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ፍየል ተራ ሄዶ ግልገል አይገዛም። የአባቴ ባሕር ዛፍ ትዝ አለኝ። እኛ ያ ሁሉ ዘመን የተጣላንበት ቃል ለባሕር ዛፉ ከመጀመሪያው የማይበቃ ነበር።

እልህ ቢጤ ያዘኝና የኖቤልን ታሪክ አነሣሁበት። አልፍሬድ ኖቤል ያን ሁሉ ሀብት ያወረሰው እኮ ሕግ አዋቂ ሳያማክር፣ በገዛ እጁ ጽፎ ነው፤ በ1895 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ፣ በአራት ምስክሮች ፊት። ልጁ አዳመጠኝና፣ "ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ ቲቸር?" አለኝ። የሆነውን አውቃለሁ፤ አስተምሬዋለሁ። ኖቤል በዓመቱ ሞተ፣ ዘመዶቹ ተከራከሩ፣ የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠው በ1901 ነው። አስፈጻሚ አድርጎ ከጻፋቸው አንዱ፣ ራግናር ሶልማን፣ ገና በሃያዎቹ የነበረ ወጣት መሐንዲስ ነው፤ እንደ ተሾመ ያወቀው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው። ይህን እየተናገርኩ ሳለሁ ድምፄ ቀነሰ። እኔም ከጻፍኳቸው ሰዎች ለአንዳቸውም አልተናገርኩም ነበርና።

ወዳጄ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፣ "ለእኔ ምን ጻፍክ?" አለ። ሁለት ፍየል አልኩት። ልጁ ፈጥኖ፣ ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው ተጠቃሚ ከሆነ ስጦታው ሊፈርስበት እንደሚችል ነገረን። ወዳጄ ሳቀ፤ የተቀባውን ጣቱን አሸዋ ላይ ጠረገ። "ልትሰጠኝ ከሆነ በዓይንህ እያየህ ስጠኝ። እኔ ሰሚ እሆናለሁ" አለ። አራተኛ ምስክር ልጁ ራሱ ሊሆን ተስማማ፤ "ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ እንደ ጎረቤት ነው የምፈርመው" ብሎ።

ሦስቱን ፈራሚዎች ከያሉበት ሰበሰብኳቸው። አሁን አምስት ሰው ይዤ የት ልቀመጥ? ጠላ ቤት ሞልቷል፣ ሻይ ቤት ጎብኚ አለ፣ ወፍጮ ቤት አይሰማም። ባለወፍጮው "ቤትህስ?" አለ። ምክንያት አጣሁ። ቅቤ ሳልገዛ፣ ማሽላ ሳልገዛ፣ ባዶ ዘንቢል ይዤ፣ አምስት ወንዶች አስከትዬ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ቡና ትቆላ ነበር። ዘንቢሉን አየች፣ ሰዎቹን አየች፣ ልብስ ሰፊውን ስታይ "ገንዘቡን ሊጠይቅ መጣ" ብላ እንደ ደነገጠች ኋላ ነግራኛለች። "ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ" አለች፤ ሙዳዩን አስጠግታ ቡና ጨመረችበት።

ልጁ በንጹሕ ወረቀት ላይ "ኑዛዜ" ብሎ ጻፈ፣ ቀኑንም ጻፈ። ባለቤቴ የቡናውን ምጣድ እየነቀነቀች ነበር፤ ነቅነቅ ማድረጓ ቆመ። "ማነው የታመመው?" አለች። ማንም አልታመመም አልኳት። "ታዲያ ለምንድነው የምትናዘዘው?" ቃሉ ለእሷም እንደኔው ነው። ጤነኛ ነኝ ብዬ ስምል ቡናው አረረ። ያረረ ቡና ሽታ ባለበት ማንበብ ጀመርኩ።

"ለባለቤቴ የምንኖርበትን ቤት ግማሽ አውርሻለሁ።" ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ሌሊት እንባዬ መጥቶ ነበር። በጣም ያማረ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ከምድጃው ሳትነሣ፣ "ግማሹ መቼ ያንተ ሆኖ ነው የምትሰጠኝ?" አለች። ቤቱን ስንሠራ ድንጋዩን ከወንዙ ያመጣችው እሷ ናት፤ ጭቃውን የረገጠችው፣ ለቆርቆሮው ማርና የቡና ገለባ ነግዳ ብር የጨመረችው እሷ ናት። የኢድሩ ጸሐፊ መሬት መሬት ያያል። ልጁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እትዬ ልክ ናቸው" አለ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው፤ ባል ሲሞት መጀመሪያ ግማሹ የእሷ ሆኖ ይወጣል፤ ኑዛዜ የሚናገረው ስለ ቀረው የሟች ድርሻ ብቻ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ያን ድርሻ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ ሴት ወንድ ሳይባል እኩል፤ ልጅ ከሌለ ወላጆች። ሚስት በዚያ የውርስ ተራ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ለእሷ ልሰጣት ከፈለግኩ መስጠት ያለብኝ ከራሴ ግማሽ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ አብራኝ የኖረችውን ሴት የራሷን ሰጥቻት ነበር ያለቀስኩት።

ቀጠልኩ። "ጡረታዬን ለእኅቴ" የሚለው ጋ ስደርስ ልጁ እንደገና አስቆመኝ። ጡረታ በኑዛዜ አይሰጥም፤ ለማን እንደሚተላለፍ ሕጉ ራሱ ቆርጦታል። ለሟች ሚስት ወይም ባል የአበሉ 50 በመቶ ይደርሳል፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይሰረዝ ተባለ፣ ተሰረዘ። "ቀሪው ለልጆቼ እኩል" ስል ልብስ ሰፊው አሳለው። ጉንፋን አልነበረበትም። "ዕዳ የለም?" ብሎ ልጁ ጠየቀኝ፤ ምክንያቱም ከውርስ አስቀድሞ የቀብር ወጪ፣ የማጣሪያው ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ ይከፈላል፤ ወራሽ የሚደርሰው የተረፈው ነው። 4000 ብሩን ባለቤቴ ፊት ተናገርኩ። ስኒውን ለልብስ ሰፊው ስታቀብለው "ይቅርታ" አለችው። እኔ ማለት የነበረብኝን ነው ያለችው።

ከዚያ ፍየሎቹ ጋ ደረስኩ።

ልጄ በተወለደበት ዓመት፣ በ1993 ዓ.ም.፣ ሦስት እንስት ፍየል ገዝቼ ወዳጄ ዘንድ አኖርኩ። ከተማ ውስጥ ግጦሽ የለም። ወተቱን የእሱ ልጆች ይጠጣሉ፣ ዓመት በዓል ሲመጣ አንድ ይላክልኛል፣ ቸግሮኝ ሁለት ሸጬም አውቃለሁ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ዝናብ ጠፍቶ ከብት ሲያልቅ እንዴት እንደ ሆኑ ለመጠየቅ አፈርኩ፤ እሱ ስንት ከብት እየሞተበት የኔን ፍየል እጠይቃለሁ? እንዲሁ ሳልቆጥር ቆየሁ። ለባለቤቴ ደግሞ ከመጀመሪያው አልነገርኳትም፤ ለክፉ ቀን በድብቅ ትቀመጥ ብዬ ነው። ደብተሬ ላይ "ሐመር ወዳጄ ዘንድ ያሉ ፍየሎች" ይላል እንጂ ቁጥር የለውም፣ መንደር የለውም።

"ስንት ናቸው?" አለ ልጁ፣ እስክርቢቶውን ይዞ። ወዳጄን አየሁት። እሱ ግን ቁጥር አልተናገረም። "ልጄ ያውቃቸዋል" አለ። "የቱ ያንተ እንደ ሆነ፣ የቱ ከየትኛዋ እንደ ተወለደ ያውቃል። እኔ ዛሬ ማታ ብሞት ነገ ጠዋት ለልጅህ ያስረክባል።" ትንሽ ዝም አለና፣ "ልጅህስ? የኔን መንደር ያውቃል? ልጄን ቢያየው ያውቀዋል?" አለኝ።

አያውቅም። ልጄ ጂንካ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ 24 ዓመቱ ነው። የወዳጄን ስም አያውቅም። ፍየል እንዳለኝ አያውቅም። ስኒ ይዘው የተቀመጡት ሁሉ መልሴን ይጠብቃሉ፤ ባለቤቴም እንደዚያው፣ ረከቦቱ ላይ እጇን ጥላ። እንደዚያች ደቂቃ የረዘመች ደቂቃ አላውቅም። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" እያልኩ ስንት ዓመት ተማሪ አስጽፌያለሁ። የኔ በመጽሐፍ ያለው ቁጥር እንኳ አልነበረውም። የእሱ በቃል ያለው ከነትውልዱ ይታወቃል።

ይህን ስል መጽሐፍን እያቃለልኩ አይደለም። ባልዳምቤ የተባለው የሐመር ሰው ስለ ሕዝቡ የተናገረውን ኢቮ ስትሬከርና ጂን ሊዳል ጽፈው በ1979 እ.ኤ.አ. ባያሳትሙት ኖሮ ብዙው ከእሱ ጋር ይቀበር ነበር። ግን እነሱ የጻፉት እሱ አስቀድሞ ተቀምጦ ስለተናገረ ነው። ወዳጄም ቡናውን እየጠጣ የአባቱን ነገረን። አባቱ ሲያረጅ፣ ገና በእግሩ እየሄደ፣ ልጆቹን ይዞ ከበረት በረት እየዞረ ይቺ የእገሌ ናት፣ ይቺን ከእገሌ ተቀብያለሁ፣ እገሌ አንድ ወይፈን አለበት እያለ በበትሩ ያሳያቸው ነበር። እዚያ አገር ነገር በድንገት አይሆንም፤ በከብት ዝላይ ሥርዓት የሚያልፍ ጎረምሳ እንኳ ለተጠሪዎቹ የተቋጠረ ገመድ ይልካል፣ በየቀኑ አንድ ቋጠሮ እየተፈታ የመጨረሻው ሲፈታ ሁሉም ተሰብስቦ ይገኛል። እኔ ለልጄ አንዲት ቋጠሮ አልላክሁም።

በዚያ ቀን ማንም አልፈረመም። ልጁ ወረቀቱን አጣጥፎ መለሰልኝና፣ ሲወጣ በር ላይ፣ "ቲቸር፣ በሥራ ቀን ከመጡ እኮ አራት ሰው መሰብሰብ አይጠበቅብዎትም፤ ከምስክሮቹ አንዱ ሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሬጅስትራር ከሆነ ሁለት ይበቃል" አለኝ። አመሰገንኩት። ባለቤቴ እስከ ማታ አላናገረችኝም። ማታ እንጀራ ስታቀርብ፣ "ሌላስ ምን አለህ?" አለች። ቁጣ አልነበረበትም፤ መጠየቋ ነው። ተቀምጬ ነገርኳት። የባንኩን ደብተር አወጣሁ፣ የመምህራኑን ቁጠባ ነገርኳት፣ ለማን ምን እንዳበደርኩ ነገርኳት። እሷም ደግሞ እኔ የማላውቀው የዕቁብ ብር አላት። ፋኖሱ ጋዝ እስኪጨርስ አወራን። በትዳራችን እንደዚያ ሌሊት የተጨዋወትንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በማግስቱ ለልጄ ደወልኩ። "ታመሃል እንዴ አባዬ?" አለ፣ እሱም። አልታመምኩም፣ ብቻ ና አልኩት። በቀጣዩ ቅዳሜ ከጂንካ በቀይ አፈር በኩል መጣ፣ ገበያ ላይ ከወዳጄ ልጅ ጋር አገናኘኋቸው። ሁለቱ ወጣቶች ከሰዓት በኋላ አብረው በእግር ወደ መንደሩ ሄዱ። እኔም ልሄድ ነበር፤ ወዳጄ እጄን ይዞ አስቀረኝ።

ኑዛዜው በሚቀጥለው ሰኞ በሬጅስትራሩ ፊት ተነቦ ተፈረመ፤ አንድ ገጽ ነው፣ ቀን አለው፣ የልብስ ሰፊው ዕዳ ተከፍሎ ከውስጡ ወጥቷል። ሁለቱ የምክር ገጾች ደብተሩ ውስጥ ቀርተው ነበር፤ ልጄ ጠይቆኝ ወስዷቸዋል። ከመንደሩ እሑድ ማታ ሲመለስ እግሩ በአቧራ ቀልቶ ነበር። ፍየሎቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁለቱን ለወዳጄ በዓይኔ እያየሁ ሰጥቼዋለሁ፣ ዘጠኝ ቀርተዋል።